ከባልቲሞር የመጣው የእህቴ ልጅ «እኔ ጥቁር ነኝ» ሲል ምን ልበለው?

ጥያቄ፦ የጠባሴው አጎት

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ሲሆን በእንጨት ሥራ እተዳደራለሁ። ቤታችን ውስጥ እናቴ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቼ አሉ። በሰኔ አጋማሽ ላይ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ከተማ የምትኖረው ታላቅ እህቴ የ14 ዓመት ልጇን «ክረምቱን እናንተ ዘንድ ይክረም፤ የመስከረሙን ደግሞ ያኔ እንመካከራለን» ብላ ላከችልን። ልጁ ተወልዶ ያደገው እዚያው ነው፤ አማርኛ አሳምሮ ይሰማል፤ ሲናገር ግን ይሰባበርበታል፤ ፊደልም አልቆጠረም።

የመጣበትን ምክንያት ሳልናገር ጥያቄዬ አይገባችሁም። እህቴ ከባለቤቷ ከተለያየች 5 ዓመት ሆኗታል፤ ሌሊት ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ባለፈው ዓመት የሥራ ሰዓቷ ተቀንሶ የቤት ኪራይ ሲከማችባት፣ ልጁ ለእርሷ ሳይነግራት ከትምህርት ቤት መልስ መስቀለኛ መንገድ ላይ እየቆመ፣ የትራፊክ መብራት ያስቆማቸውን መኪናዎች የፊት መስታወት በሳሙና ውኃና በጎማ መጥረጊያ እያጠበ ገንዘብ ይሰበስብ ጀመር። ከ3 ሳምንት በኋላ የተጨማደዱ የ1 እና የ5 ዶላር ኖቶችን በካልሲ ጠቅልሎ አመጣና «ኪራዩ ላይ ጨምሪበት» አላት። እህቴ ይህን በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር። እፍረቱም አለ፤ እንቅልፍ የነሣት ግን ከመኪና ወደ መኪና ሲሮጥ አንዱ ሌባ መስሎት ቢተኩስበትስ የሚለው ሐሳብ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ባለፈው እሑድ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ፣ አንዲት የሠፈራችን እናት ልጁን አየት አድርገው «እናቱ ቀይ አልነበረችም እንዴ? ይኼ ማን ላይ ወጥቶ ነው የጠቆረው?» ብለው ጠየቁ። እኛ ዘንድ ይህ በክፋት የሚነገር አይደለም፤ ቀይ፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ጥቁር እያልን ሰውን በመልኩ መለየት ልማዳችን ነው። ልጁ ግን ረጋ ብሎ «እኔ ጥቁር ነኝ» አለ። እናቴ የከፋው መስሏት «ማን ነው ጥቁር ያለህ? አንተ ጠይም ነህ፤ ያውም የጠይም ቆንጆ!» ብላ ልታባብለው ስትል ስኒውን አስቀምጦ ወጣ። ማታ አጥር ሥር ቆሞ አገኘሁትና ምን እንዳስከፋው ብጠይቀው «እዚያ ፖሊስ ሲያየኝ ጠይም ነው አይልም» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

ሌላም ነገር አለ። ሌሊት እየተነሣ የበሩን መቀርቀሪያ ይነካካል። ማዕድ ሲቀርብ መሶቡ ውስጥ ያለውን እንጀራ በዓይኑ ቆጥሮ ነው እጁን የሚሰድደው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎርሶም «ጠገብሁ» ይላል። ገበያ ይዤው ስወጣ የሽንኩርቱንም፣ የከሰሉንም፣ የምስማሩንም ዋጋ ይጠይቃል። እናቴ ይህን እያየች «እንዴት ያለ አስተዋይ፣ ያለ ዕድሜው የበሰለ ልጅ ነው!» እያለች ትመርቀዋለች። እኔን ግን ነገሩ ደስ አይለኝም፤ ለምን እንደሆነም አጥርቼ መናገር አልቻልሁም።

እህቴ መስከረም እዚሁ ይመዝገብ ወይስ ይመለስ እያለች መልስ ትጠብቃለች። እዚያ አገር ያደጋችሁ፣ ወይም እንዲህ ያለ ልጅ በእጃችሁ ያለፈ ካላችሁ ምከሩኝ። ይህ ልጅ «ጥቁር ነኝ» ሲል ምን እያለኝ ነው?

መልስ፦ ምሥራቅ ባልቲሞር ያደገ

ወንድሜ፣ እኔ በ7 ዓመቴ ከእናቴ ጋር ባልቲሞር ገብቼ ዛሬ 39 ዓመቴ ነው፤ የከተማ አውቶቡስ እነዳለሁ። የእህትዎ ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሰውን እኔ እንደ እርሱ አሳጥሬ መናገር ስለማልችል መርዘሜን ይታገሡኝ።

እኛ አገር ጥቁር የመልክ ስም ነው። እዚያ ግን የሕዝብ ስም ነው፤ ከዚያም አልፎ የት እንደምትኖር፣ የት እንደምትማር፣ ባንክ ምን እንደሚልህ አስቀድሞ የሚናገር ስም ነው። ባልቲሞር እ.ኤ.አ. በ1910 ጥቁር ሰው አብዛኛው ነዋሪ ነጭ ወደ ሆነበት መንደር፣ ነጭም ወደ ጥቁሮች መንደር ገብቶ እንዳይኖር የሚከለክል ደንብ አወጣች፤ በአሜሪካ ከተሞች ዘንድ እንዲህ ያለ ደንብ ሲወጣ የመጀመሪያው ይህ ነበር። በ1917 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያሉ ደንቦችን ቢሽርም ነገሩ በሌላ በር ተመለሰ፤ የቤት ባለቤቶች ለጥቁር ላለመሸጥ በውል ይተሳሰሩ ጀመር፤ በ1930ዎቹ ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ያቋቋመው የቤት ብድር ተቋም የከተሞችን ካርታ ሲያሠራ ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሠፈሮች «ለብድር አደገኛ» ብሎ በቀይ ቀለም አስቀባቸው። በቤት ሽያጭና ኪራይ ሰውን በዘሩ መለየት በሕግ የተከለከለው በ1968 ነው፤ ይህ የጥንት ታሪክ አይደለም፤ ያኔ እናቴ ልጅ ነበረች። ብድር የተከለከለ አያት ቤት አልገዛም፤ ቤት ያልገዛ አያት ለልጁ ያወረሰው የለም፤ ያ ልጅም ዛሬ ተከራይ ነው። የትምህርት ቤቱ በጀት ሳይቀር በከፊል ከከተማው የቤት ግብር የሚወጣ በመሆኑ፣ ቤቱ የረከሰበት ከተማ ለትምህርት ቤቱ የሚሰበስበውም ያንሳል። እኔ ባደግሁበት ጎዳና ላይ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቁ፣ ደጃቸው በነጭ እብነ በረድ ደረጃ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ከ10ሩ ሦስት አራቱ ሰው የማይኖርባቸው፣ መስኮታቸው በጣውላ የተመታ ነበር። እናቴ በየቅዳሜው የኛን ደረጃ በብሩሽ ስትፈትግ የጎረቤቱ ባዶ ቤት ደረጃ ላይ ሣር በቅሎ አይ ነበር።

ያ ከተማ ድኻ ሆኖ አልተፈጠረም። ስፓሮውስ ፖይንት የሚባለው የብረት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ 30 ሺህ ያህል ሠራተኞች ነበሩት። ጥቁሮቹን እሳቱና ጭሱ ወደ በረታበት ክፍል ቢመድቧቸውም ደመወዙ ቤተሰብ ያሳድር ነበር። ሥራው ከዓመት ዓመት እየመነመነ ሄዶ በ2012 ፋብሪካው ተዘጋ። እርስዎ ደብረ ብርሃን የሚኖሩ ሰው ስለሆኑ አንድ የፋብሪካ ደመወዝ የስንት ቤት ምሰሶ እንደሆነ እኔ አልነግርዎትም።

ከእነዚያ የፋብሪካው ጡረተኞች አንዱ ጎረቤታችን ነበሩ፤ አሜሪካዊ ጥቁር ናቸው። 12 ዓመት ሲሞላኝ ደረጃው ላይ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ፖሊስ ቢያስቆምህ እጅህ ይታይ፤ ኪስህ አትግባ፤ አትሩጥ፤ ሱቅ ስትገባ የሹራብህን ኮፍያ ከራስህ አውርድ፤ አንዲት ማስቲካ ብትገዛም ደረሰኝ ተቀበል አሉኝ። እዚያ ብዙው ጥቁር ወላጅ ለወንድ ልጁ ይህን ንግግር ይናገራል፤ ስሙም «ንግግሩ» ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የኔ እናት ግን አልነገረችኝም፤ አታውቀውም ነበርና። እርሷ የምትለኝ «ከእነሱ ጋር አትዋል፤ አንተ ሐበሻ ነህ» የሚል ነበር። አልፈርድባትም፤ እርሷ መሸሸጊያ የሰጠችኝ መስሏታል። እኔ ግን ከሰፈሬ ልጆችም ከእናቴም ተለይቼ ብቻዬን ቀረሁ። ስለዚህ እናትዎን ይቅርታ እየጠየቅሁ «ጠይም ነህ» ማለቱ ይቅር፤ ለልጁ የሚሰማው «የደረሰብህ አልደረሰብህም» የሚል ነውና።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እናትዎ «ያለ ዕድሜው የበሰለ» ሲሉት እርስዎን ቅር ያሰኘዎት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመ አንድ የሥነ ልቦና ጥናት፣ ሰዎች በወንጀል የተጠረጠሩ ጥቁር ወንዶች ልጆችን ዕድሜ እንዲገምቱ ሲጠየቁ በአማካይ ከ4 ዓመት በላይ ጨምረው እንደሚገምቱ አሳይቷል። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ክሊቭላንድ ከተማ አንድ የ12 ዓመት ልጅ በመናፈሻ ውስጥ በመጫወቻ ሽጉጥ ሲጫወት፣ የፖሊሶች መኪና በቆመ በ2 ሰኮንድ ውስጥ አንዱ ፖሊስ ተኩሶ መታው፤ ከዚያም በሬዲዮ ሪፖርት ሲያደርጉ የገመቱለት ዕድሜ 20 ነበር። ልጁ በማግስቱ ሞተ። የእህትዎ ልጅ በሄደበት ሁሉ ከዕድሜው በላይ እየታየ ያደገ ነው፤ መንገድ ላይ እንደ ጎልማሳ ይፈራል፤ ቤት ሲገባ እንደ ጎልማሳ ይመሰገናል።

መስታወት የሚያጥቡትን ልጆች እኔም በየቀኑ ከመሪው ላይ ሆኜ አያቸዋለሁ። በ2022 ክረምት በአንድ አሽከርካሪና በእነርሱ መካከል በተነሣ ጠብ ሰው ከሞተ በኋላ፣ ከተማው ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ በ6 ቦታዎች ላይ ሥራውን ከልክሏል። እህትዎ መፍራቷ ትክክል ነው። አንድ ቀን ከእነዚህ አንዱ ቀይ መብራት ላይ የአውቶቡሴን መስታወት፣ ቁመቱ የደረሰለትን ያህል፣ ግማሹን ጠረገልኝ። የምሰጠው እንደሌለኝ በእጄ ሳሳየው «ይሁን፣ እንድታይ ነው» ብሎኝ እየሳቀ ሄደ።

መልስ፦ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ

እኔ ባልቲሞርን አላውቅም፤ ስለ ቀለሙም ከላይ ወንድማችን ከጻፉት የምጨምረው የለኝም። መሶብ ውስጥ እንጀራ መቁጠርን ግን አውቃለሁ፤ ለዚያ አሜሪካ መወለድ አያስፈልግም። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው።

አባቴ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ደረቱን ታሞ ከሥራ ሲቀር እናቴ አረቄ ማውጣት ጀመረች፤ የ11 ዓመቱ ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የሊስትሮ ሣጥን ተሸከመ። ጠዋት ጠዋት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀምጦ ጫማ ይጠርግና 5 ሰዓት ላይ ሣጥኑን ለአንዲት ቆሎ ሻጭ አደራ ሰጥቶ ለከሰዓቱ ፈረቃ ትምህርት ቤት ይሮጣል። ከመግባቱ በፊት የጣቱን ቀለም በአመድና በቀዝቃዛ ውኃ ይፈትገዋል፤ የደብረ ብርሃን ውኃ በኅዳር ወር ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቆዳው ይሰነጠቃል፤ ቀለሙ ግን ከጥፍሩ ሥር አይወጣም። አንድ ቀን አስተማሪው በክፍል ፊት እጁን አስዘርግተው «ይህ የተማሪ እጅ ነው?» ብለውት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ መቀመጥ ለመደ።

ይህን ሁሉ ግን ቻለው። ያልቻለው ምስጋናውን ነው። ዘመድ ሁሉ እየመጣ «አይዞህ፣ እንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ» ይለው ነበር፤ እርሱም መጀመሪያ ላይ ደረቱ ይነፋ ነበር። ቆይቶ ግን ለእራት ወጥ ሲያንስ በራሱ ጥፋት የሆነ ያህል ይደነግጥ ጀመር። አባቴ ሲሞት አላለቀሰም፤ ለቀብሩ የሚሆነውን ሲያሰላ ነበር፤ ዕድሩ እንደሚሸፍነው እንኳን የነገረው ሰው አልነበረም። 8ኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቋረጠ። ዛሬ 41 ዓመቱ ነው፤ ባጃጅ አለው፤ ደኅና ይኖራል። አንድ ነገር ብቻ አለው፤ ልጁን ማንም ሰው «አባወራ» ብሎ ሲጠራው ከሰማ፣ ቀልድ ቢሆንም፣ ይጣላል።

ስለዚህ ጋሼ፣ ልጁን ምን ብዬ ላጽናናው ከማለትዎ በፊት ምን እየቆጠረ እንደሆነ ይጠይቁት። እኔ እንደምጠረጥረው፣ ይህ ልጅ ወደዚህ የተላከው ገንዘብ በማምጣቱ እንደሆነ፣ ማለትም እንደተባረረ አድርጎ ይሆናል የሚያስበው። እህትዎም ኪራዩ ከየት እንደሚከፈል፣ ስንት እንደቀረ፣ ማን እንደሚረዳት በራሷ አንደበት ትንገረው። ልጅ ሂሳቡን ካልተነገረው ከእውነቱ የከፋውን ያሰላል። ደግሞ እዚያ እርስዎ ዘንድ ሥራ ይስጡት፤ ዝም ብሎ ከተቀመጠ እንጀራው ይከብደዋል። ነገር ግን የልጅ ሥራ ይሁን፤ መላጊያ የሚያቀብል፣ ፍልጥ የሚሰበስብ። ሲጨርስም «አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር» አይበሉት፤ «በል እንግዲህ ሂድ ተጫወት» ይበሉት።

መልስ፦ ጡረተኛ መምህር

በዚሁ በሰሜን ሸዋ ለ34 ዓመታት ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከላይ የተጻፈውን በጥሞና አነበብሁ፤ ያዘንሁበት ክፍል አለ፤ የማልስማማበትም አለ። የአንድ አገር ቁስል ወደሌላ አገር መጋዝ የለበትም። ይህ ልጅ አንኮበር ላይ ሆነው ሸዋን የገዙት፣ ኋላም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ድል የነሡት የምኒልክ አገር ልጅ ነው። ከጣሊያን የወረራ ዓመታት በቀር ለቅድመ አያቶቹ ማንም የቀለም ደንብ አውጥቶላቸው አያውቅም። እዚሁ ይቅር፤ ፊደል ይቁጠር፤ ታሪኩን ይማር፤ ሁሉ ሰው እርሱን በሚመስልበት ከተማ ውስጥ ሁለት ዓመት ቢኖር «ጥቁር ነኝ» የሚለው ነገር እንደ ጉንፋን ይለቀዋል። ልጁን በንግግርና በጥናት ብዛት ባታስጨንቁት መልካም ነው።

ስለ ወንድምሽ የጻፍሽው ግን ልጄ፣ እኔንም ነክቶኛል። እኔም ክፍል ውስጥ እጅ ያስዘረጋሁበት ጊዜ ነበር።

መልስ፦ ምሥራቅ ባልቲሞር ያደገ

መምህር፣ በአክብሮት እመልስልዎታለሁ። ዐድዋን ይማር የሚለው ላይ ምንም ክርክር የለኝም፤ ነገር ግን የታሪኩን ሌላውን ገጽ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጆን ሮቢንሰን ሚሲሲፒ ግዛት፣ ጋልፍፖርት ከተማ ያደገ፣ ሕፃን ሳለ አባቱን ያጣ ጥቁር ልጅ ነበር። ቺካጎ ሄዶ አውሮፕላን ማብረር ልማር ቢል በቀለሙ ምክንያት ስላልተቀበሉት፣ እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጥሮ እየጠረገ ትምህርቱን ያዳምጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ሊወርረን ሲዘጋጅ ወደዚህ መጥቶ አየር ኃይላችንን መራ፤ በ1944 ተመልሶ የኛን አብራሪዎች አሠለጠነ፤ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ከሞተ በኋላም የተቀበረው አዲስ አበባ ነው። ይህ ሰው አማራ አልነበረም፣ ሐበሻም አልነበረም፤ የመጣው ጥቁር ነኝ ብሎ ነው። ያንን ስም እርሱ ለኛ ሲል ከተሸከመው፣ የኛው ልጅ ሲይዘው እንደ ጉንፋን ይልቀቀው ማለት ይከብደኛል።

ደግሞ ሁለት ዓመት ቆይቶ መመለሱ አይቀርም፤ ፓስፖርቱ የዚያ ነው። በ16 ዓመቱ፣ ቁመቱ ጨምሮ፣ ያን ጊዜ እንዴት መቆም እንዳለበት የነገረው ሰው ሳይኖር ባልቲሞር ጎዳና ላይ ከሚገኝ፣ እናቱ አጠገብ ሆኖ ቢለምደው ይሻላል ባይ ነኝ። ይህ የኔ አስተያየት ነው፤ ወላጅ አይደለሁም።

መልስ፦ የጠባሴው አጎት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልስ ሳልሰጥ የቆየሁት ችላ ብዬ ሳይሆን የተባልሁትን ልሞክር ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ሱቄ ወስጄ የወንበር እግር በብርጭቆ ወረቀት እንዲያለሰልስ ሰጠሁት። እጁ ሥራ ላይ ሲሆን አንደበቱ ይፈታል። በሦስተኛው ቀን፣ ቀና ሳይል፣ «ገንዘቡን ባልሰጣት ኖሮ እዚህ አልመጣም ነበር» አለኝ። የፋብሪካ ሠራተኛው ልጅ፣ እህታችን፣ የጠረጠረችው ልክ ነበር። ያን ማታ እህቴ ዘንድ ደወልሁ፤ አስቀድሜም ሁሉን ነገር ነግሬአት ስለነበር ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጌ መሐላችን አስቀመጥሁት። ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ወር ተከማችቶ እንደነበር፣ ሰዓቷ ከግንቦት ወዲህ እንደተመለሰላትና የቀረባት የአንድ ወር ብቻ እንደሆነ በቁጥር ነገረችው። «የካልሲውን ገንዘብ ለኪራይ ከፍያለሁ፤ ረድተኸኛል። ከእንግዲህ ግን ኪራዩ የኔ ሥራ ነው» አለችው። ልጁ «የቀረው አንድ ወር ብቻ ነው?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቃት። ከዚያ ወጥቶ ከልጆቼ ጋር ኳስ ሲጫወት አመሸ። በሩን ግን አሁንም ሌሊት ይነካካል፤ ያንን አንድ ስልክ አላስተወውም።

ስለ ጥቁርነቱም እኔ ምንም ንግግር አላደረግሁም። ጠየቅሁት ብቻ። ትላንትና በጋሪ ተሳፍረን ከገበያ ስንመለስ ፈረሱ አንገት ላይ ያለውን ቃጭል ሰምቶ ፈገግ አለና፣ ባልቲሞር ውስጥም ጥቁር አዛውንቶች በፈረስ ጋሪ፣ ቃጭል እያንቃጨሉና በዜማ እየጠሩ ሐብሐብና ኮክ በየሠፈሩ እንደሚሸጡ አጫወተኝ። አሜሪካ ጋሪ መኖሩን እኔ በዚህ ዕድሜዬ መስማቴ ነው። ከአዛውንቶቹ አንዱ ፈረሱን እንዲቦርሽ ይፈቅድለት እንደነበር፣ ፈረሱን በየት በኩል መቅረብ እንዳለበትም እንዳስተማረው ነገረኝ። ከዚያ የጋሪውን ልጅ ዕድሜውን እንድጠይቅለት ለመነኝ። ጠየቅሁለት፤ 13 ነው። የእህቴ ልጅ ቤት እስክንደርስ ድረስ ዝም አለ፤ ስንወርድም ሒሳቡን እኔ ከከፈልሁ በኋላ ወደኔ ዞሮ «እርሱ እኮ ገና ልጅ ነው» አለኝ።

መምህር እንዳይቀየሙኝ እንጂ ውሳኔው መመለስ ሆኗል። እህቴም ይህንኑ መረጠች፤ ልጁም «እናቴ ብቻዋን ናት» ይላል፤ ትምህርት ቤታቸው በነሐሴ መጨረሻ ስለሚከፈት ትኬቱ ከዚያ በፊት ተቆርጧል። እስከዚያው ታናሹ ልጄ ፊደል እያስቆጠረው ነው፤ «ሐ» እና «ኀ» ለምን ሁለት እንደሆኑ ሲጠይቀው ልጄ መልስ አጥቶ ወደኔ ልኮት ነበር፤ እኔም ወደ እርስዎ ልልከው ነው። ባልቲሞር ያደጉት ወንድሜ ደግሞ ቅር ካላልዎት አድራሻዎን ለብቻ ይላኩልኝ፤ ያ የጎረቤትዎ አዛውንት ደረጃው ላይ የነገሩዎትን ለዚህ ልጅ የሚነግረው ሰው እዚያ እንዲኖር እፈልጋለሁ።

እናቴ አሁን የምትከራከረው ስለ ሻንጣው ነው። ከመንዝ ያስመጣችውን ባና ካልወሰደ አይሄድም ብላለች። ልጁ ባልቲሞር በነሐሴ ላብ በላብ እንደሆነ ቢያስረዳት፣ «ይሁና፤ ጥቅምት አይመጣም?» ብላ አጣጥፋ ከላይ ከተተችው። ሻንጣው አልዘጋ ብሎ ሁለቱ ልጆቼ ላዩ ላይ ተቀምጠውበታል።